የላኪና የተቀባይ አገር አኃዞች የማይገጥሙበት ምክንያት

የኢኮኖሚ ትምህርት ተማሪ ስለ ቡና ንግድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሲነሣ፣ የሚያስቸግረው የአኃዝ ማነስ ሳይሆን የአኃዝ መብዛት ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን፣ ብሔራዊ ባንክ፣ በለንደን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅትና የገዢዎቹ አገሮች ጉምሩክ ስለ ኢትዮጵያ ቡና የየራሳቸውን አኃዝ ያወጣሉ፤ አኃዞቹም እምብዛም አይገጥሙም። ተማሪው አንዱን እውነት ሌላውን ሐሰት ብሎ ከመፍረዱ በፊት፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ምን፣ መቼና የት እንደ ቈጠረ መጠየቅ ይገባዋል።

የ2016 የበጀት ዓመት የሚባለው ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለው ነው። የቡና ድርጅቱ ዓመት ግን በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ቀን ይጀምራል፤ የገዢዎቹ አገሮች ዓመታዊ መግለጫ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይዘልቃል። ስለዚህ ዓመቱን በሙሉ ከማነጻጸር ይልቅ የየወሩን አኃዝ ፈልጎ አንድ ዓይነት 12 ወራት መደመር ይሻላል።

ሚዛንም እንዲሁ ያሳስታል። በዓለም ገበያ የሚቈጠረው ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ 1,000 ጆንያ 600 ኩንታል ማለት ነው። ጆንያውን ኩንታል ያደረገ ተማሪ 400 ኩንታል ያልተጫነ ቡና ይጭናል። በፈረሱላ የሚነግሩትም ስላሉ፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የዋጋው ነገር ነው። ላኪው አገር ዕቃውን መርከብ ላይ እስከሚጫን ባለው ዋጋ ሲመዘግብ፣ ብዙዎቹ ተቀባይ አገሮች የመርከብ ኪራይና የኢንሹራንስ ወጪ ጨምረው ይመዘግባሉ። ይህን ያላስተዋለ ሰው የሁለቱን መዝገብ ልዩነት አይቶ፣ ላኪዎች ዋጋ አሳንሰው ያስመዘግባሉ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ ያለ በደል በንግድ ዓለም የለም ማለት አይደለም፤ ዳሩ ግን የመርከብ ኪራይን የደበቁት ገንዘብ አድርጎ መቍጠር ንጹሑን ነጋዴ ማማት ይሆናል። ልዩነቱ ማስረጃ የሚሆነው ኪራይና ኢንሹራንሱ፣ የጕዞው ጊዜና በመካከል አገር ተሸጦ ያለፈው ጭነት ከታሰበ በኋላ ነው።

በብር የተጻፈ ዋጋም ጥንቃቄ ይሻል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለውን ሽያጭ በብር ብቻ ማነጻጸር አይቻልም። 100,000 ዶላር፣ ዶላሩ በ57 ብር ሲታሰብ 5,700,000 ብር፣ በ110 ብር ሲታሰብ ግን 11,000,000 ብር ነው፤ አንዲት ፍሬ ቡና ግን አልተጨመረችም።

ከጋዜጣ የተገኘ አኃዝ መጀመሪያ ወደ ወጣበት ሠንጠረዥ መከተል አለበት፤ ጊዜያዊ ተብሎ የወጣው በኋላ የሚታረም ስለ ሆነ፣ የተወሰደበት ቀን ይጻፍ።

ተማሪዎች ወደ ንግድ ቤቶችም እየመጡ ይጠይቃሉ። ነጋዴው በቃሉ «የሲዳማ ቡና ዋጋው ይህን ያህል ነው» ቢል፣ የታጠበው ወይም ያልታጠበው፣ በአዲስ አበባ መጋዘን ወይም በጅቡቲ መርከብ ላይ መሆኑ አይታወቅም። ዲክላራሲዮኑን ማሳየት ይበልጣል። የገዢው ስም ቢሸፈን ጥናቱን አይጐዳም፤ ለተማሪው ቀኑ፣ ሚዛኑ፣ ደረጃውና ርክክቡ የተፈጸመበት ቦታ ይበቃዋል።