ለተማሪ ምን ዓይነት ጫማ እንግዛ?

የክረምቱ ዝናም ጋብ ብሎ ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሲቃረቡ በብዙ አጥቢያዎች የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወላጅ ለሌላቸውና ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ ከተገዛ በኋላ የተረፈው ገንዘብ ለጫማ ይውል ይሆናል፤ ነገር ግን ለምን ዓይነት ጫማ? አንዱ ወገን፣ «ለጥቂቶችም ቢሆን በእግራቸው ልክ የተሠራ ጥሩ የቆዳ ጫማ እንግዛ፤ ርካሽ ነገር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል» ይላል። ሌላው ወገን፣ «ገንዘባችን ጥቂት ነው፤ ኮንጎም ቢሆን ለሁሉ ይዳረስ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም አሳቦች ከቅን ልቡና የመነጩ ናቸው። ሆኖም በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለልጅ ጫማ የሚገዛ ሁሉ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ጫማው የልጁን እግር ከምን ሊጠብቅ ነው የሚለው ነው።

የጮቄ ተራራና ከሥሩ የተዘረጋው ደጋ ጥንት ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ነው። ያ ድንጋይ በረጅም ዘመንና በብዙ ዝናም ተሰባብሮ ቀዩን አፈር አስገኘ። ሰብላችንን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ታዲያ እጅግ የደቀቁ የማዕድን ብናኞች አሉበት። ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚመላለስ ሰው እነዚህን ብናኞች በእግሩ ቆዳ በኩል ወደ ሰውነቱ ያስገባል። ብናኞቹ ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ሥሮች እያስቆጡና እያጠበቡ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ይዘጓቸዋል። ያን ጊዜ እግር ያብጣል። ሕዝባችን ዝሆኔ ከሚላቸው ደዌያት አንዱ ይህ ነው። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ሲሆን፣ ስሙን ያወጣለት በአገራችን ያገለገለው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተጣመረ ነው። በቆላ አገር በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ሲሆን ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚታየው ለአፈሩ የሚሸነፍ ተፈጥሮ በዘር ስለሚወረስ ነው እንጂ በቤቱ ላይ መርገም ስለ ወረደ አይደለም፤ በወላይታ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል።

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ያውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት ይህ ደዌ እንዳለባቸው አግኝቷል። በጉባኤ ቤታችን ቋንቋ ብንናገረው፣ 300 ምእመናን ቆመው በሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ዐሥር ያህሉ መሆናቸው ነው፤ ሁሉም በቅዳሴ ላይ ተገኝተው ቢሆን ማለት ነው። ስንቶቹ አፍረው ከቤት እንደሚቀሩ ካህናት አባቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ለጫማው ጉዳይ ዋናው ግን ዕድሜው ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ መታየት የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ እንግዲያውስ አፈሩ ወደ እግር የሚገባው ከዚያ አስቀድሞ፣ ልጁ ከብት በሚጠብቅበትና ወደ ትምህርት ቤት በሚመላለስበት ዘመን ነው።

በሌላው ዓለም ውድ የተማሪ ጫማ የሚገዛበት ምክንያት ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በብሪታንያ እንደ ክላርክስ ያሉ የታወቁ መደብሮች የልጁን እግር ርዝመትና ስፋት በመሣሪያ ለክተው ይሸጣሉ። ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ብዙ የጫማ መደብሮች እግርን በጫማው ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ እንኳ ነበራቸው፤ ጨረሩ ጎጂ መሆኑ ሲታወቅ ተወገደ እንጂ። ይህ ሁሉ ድካም የመጣው የልጅ እግር መልካም ቅርጽ ይዞ እንዲያድግ የጫማ ድጋፍ ያሻዋል ከሚል አሳብ ነው። አሳቡ ግን ጽኑ መሠረት የለውም። በሕንድ አገር በ2300 ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት፣ ጠፍጣፋ እግር ጫማ ከሚያደርጉት ልጆች በ8.6 በመቶ፣ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት ግን በ2.8 በመቶ ብቻ መታየቱን አግኝቷል። የእግሩን ቅርጽስ እግዚአብሔር አስቀድሞ ሠርቶታል፤ ለዚህ ብሎ ሦስት እጥፍ መክፈል አያስፈልግም።

«እንዲህ ከሆነ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ቢሄዱስ?» የሚል ቢኖር፣ አፈሩ በማይጎዳበት አገር ምናልባት ያስኬድ ነበር። በእኛ አገር ግን ከብናኙ ሌላ እሾሁ፣ ሙጀሌውና በእግር ቆዳ በኩል የሚገባው የአንጀት ትልም አሉ። ስለዚህ የእኛ የተማሪ ጫማ ሥራው አንድ ነው፤ በእግርና በአፈር መካከል መቆም። ጣትን፣ የእግርን ጀርባና ተረከዝን ይሸፍን። ነጠላ ጫማና በረባሶ ይህን አያደርጉም። ቀዳዳ ያለው ኮንጎም ቢሆን ጭቃውን ካስገባ በኋላ ይዞት ይውላል፤ ልጁ ጫማ አድርጓል እንላለን፣ እግሩ ግን ከአፈሩ አልተለየም። ስለዚህ «ኮንጎም ቢሆን» የሚለውን አሳብ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን እግርን ስለማይሸፍን አልደግፈውም።

ከመሸፈን ቀጥሎ የሚመጣው ልክ መሆን ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጫማ ንቆ እንዳልነበረ ይነገራል፤ የቀረበለት አዲስ ጫማ ስላልተስማማው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲሮጥ ግን የተስማማውን ጫማ አድርጎ ነበር፤ ከሮሙም በፈጠነ ሰዓት አሸነፈ። ልጆቻችንም እንዲሁ ናቸው። የሚያቆስላቸውን ጫማ መንገድ ላይ አውልቀው በእጃቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ብዙውን ጊዜ ኮሚቴዎች የልጆቹን ስምና ዕድሜ ጽፈው ወደ ነጋዴ ይልካሉ፤ ነጋዴውም በግምት ቁጥር ያወጣል። ይህ ሊቀር ይገባዋል። ገበያ የምትወርድ እናት የልጇን እግር በክር ለክታ እንደምትይዝ ሁሉ እኛም እያንዳንዱን ልጅ እንለካ። ልጁ ካልሲ አድርጎ ወረቀት ላይ ይቁም፤ ሁለቱም እግሮቹ ዙሪያቸው በእርሳስ ይሣል፤ ትልቁ እግር ይወሰድ። እግር ቀን ሲቆሙበት ጥቂት ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ መለካት ይሻላል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይተው። የጫማ ቁጥር በአንድ ሲጨምር ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ የትምህርት ቤት ልጅ እግርም በዓመት በአንድ ቁጥር ያህል ያድጋል፤ የታናናሾቹ ከዚህም ይፈጥናል። ስለዚህ ያች የአውራ ጣት ስፋት ለአንድ ዓመት ታደርሳለች። «ያድግበታል» ተብሎ ሦስት ቁጥር አስበልጦ መግዛት ግን ተረከዙን ይልጠዋል፣ ያደናቅፈዋልም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ዋጋ በየገበያው ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በእጥፍ እናስላ። ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ሶሉ በክር የተሰፋ፣ ጫማ ሰፊ ሊጠግነው የሚችል መካከለኛ ጫማ ዋጋው አንድ ነው እንበል፤ ስምንት ወርም ይቆይ። ውዱ የቆዳ ጫማ ሦስት እጥፍ ያወጣና ሁለት ዓመት ይቆያል እንበል። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሁለት ዓመት በስምንት ወር ሲካፈል ሦስት ጊዜ ነውና። ነገር ግን የልጁ እግር ውዱን ጫማ በአንድ ዓመት ጥሎት ያልፋል። የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ተከፍሎበት ሳለ ጫማው ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካልወረሰው በቀር በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ለአንድ ዓመት ብቻ ሲታሰብ መካከለኛው አንድ ተኩል፣ ውዱ ሦስት ይፈጃል። በሌላ በኩል የመካከለኛውን ግማሽ ዋጋ የሚያወጣ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ሶሉ የሚለቅ ጫማ ቢገዛ በዓመት አራት ጊዜ መግዛት ያሻል፤ ይህም ሁለት ይሆናል። ከሁሉ የረከሰው ከመካከለኛው ይልቅ አስወጣ ማለት ነው። አንዱ ተቀዶ ሌላው እስኪገዛ ልጁ በባዶ እግሩ የሚቆይበት ጊዜ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ከሒሳቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በገጠራችን ጥሩ ጫማ ይቆጠባል። ለትምህርት ቤት፣ ለቅዳሴና ለገበያ ይደረጋል፤ ወደ እርሻና ወደ ከብት ሲኬድ ይወልቃል። ልጁ በክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጫማ አለው፤ ከሰዓት በኋላ በአረምና በጭቃ መካከል ሲቆም ግን የለውም። ጫማው በተወደደ ቁጥር ደግሞ እናት አጥብቃ ታስቀምጠዋለች፤ ይህንንም በማድረጓ ልትወቀስ አይገባትም፣ እኛም በእርሷ ቦታ ብንሆን እናደርገው ነበር። ስለዚህ በአንድ ውድ ጫማ ዋጋ አንድ የትምህርት ቤትና አንድ የሥራ ጫማ መስጠት ቢቻል የኋለኛውን እመርጣለሁ። የሥራው ጫማ ያላማረ፣ ሸራም ይሁን ቦቲ፣ ጭቃ ቢነካው የማያሳዝን ይሁን። ከእርሱም ጋር ሁለት ጥንድ ካልሲና ሳሙና ይሰጥ፤ በአቧራ በተሞላ እግር ላይ የተደረገ ጫማ አቧራውን ከእግር ጋር አብሮ ይዘጋበታልና። ማታ ማታ እግርን በሳሙና ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ የጫማውን ያህል ያስፈልጋል።

ስለ አሰጣጡም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹን በዐውደ ምሕረት አሰልፎ፣ ፎቶ እያነሡ ጫማ ማደል ልጁን ከጓደኞቹ ይለየዋል። ሌሎች ወላጆች የሚገዙት ዓይነት ጫማ ይመረጥ፤ በቤቱም ይሰጠው።

ተማሪ ስንል የመንግሥት ትምህርት ቤቱን ብቻ ማሰባችንም ጉድለት ነው። ምሥራቅ ጎጃም የዲማ ጊዮርጊስ አገር ነው፤ የቅኔ ተማሪ ከየአገሩ የሚመጣበት። የቆሎ ተማሪ ለቁራሽ ከመንደር መንደር ሲዞር ከማንም ተማሪ ይልቅ አፈር ይረግጣል፤ ብዙ ጊዜም ስሙ በኮሚቴው መዝገብ የለም፣ የአጥቢያው ልጅ አይደለምና። የኔታን ጠይቆ የተማሪዎቹን እግር መለካት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ማውለቅ ሥርዓታችን ነው፤ ይህ ከጤናው ጋር አይጋጭም። በቅጥሩ በር አንድ በርሜል ውኃና ሳሙና ቢቀመጥ፣ ከቅዳሴ የሚወጣ ሰው እግሩን ታጥቦ ጫማውን ለማድረግ ይችላል።

እስካሁን ውዱን ጫማ ስቃወም ቆየሁ፤ ነገር ግን ሳይሳሱ ሊገዙት የሚገባበት አንድ ሁኔታ አለ። በእግሩ ጣቶች አካባቢ የማሳከክና የማቃጠል ስሜት የሚደጋገምበት፣ የእግሩ ፊት ሰፋ ሰፋ ያለበት፣ ማታ ማታ መርገጫው የሚያብጥበት ወጣት ካለ ደዌው መጀመሩ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ደዌው የጸናበት ሰው ደግሞ እግሩ ወደ ተራ ጫማ ስለማይገባ በባዶ እግሩ ይሄዳል፤ በባዶ እግሩ ስለሚሄድም ይብስበታል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን ማጠብ፣ ቆዳን መንከባከብ፣ በፋሻ ማሰር፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ መጠቀም በአንድነት የተሰጧቸው ሕሙማን ትኩሳትና ሕመም የሚያስከትለው የእግር ቁጣ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ እንደ ተነሣባቸው፣ እርዳታውን ገና በሚጠባበቁት ላይ ግን 23.9 ጊዜ እንደ ተነሣ አሳይቷል። ቁጣው በተነሣ ቁጥር ሰውየው ይተኛል፤ በሬው ይቆማል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ቀርቶ አባቱን ይተካል።

እንዲህ ላለው ሰው በልክ የሚሠራ ጫማ ዋጋው ከአምስት ተማሪዎች ጫማ ቢበልጥም ይሠራለት። ጫማ ሰፊው ዘንድ ሲኬድ ሁለቱ እግሮች ለየብቻ ይሣሉ፤ እብጠቱ በሁለቱም ላይ ቢኖር እንኳ እኩል አይደለምና። ፋሻው ታስሮ ሳለ ይለካ። ቆዳው ለስላሳ፣ አፉ እስከ ጣቱ ድረስ የሚከፈትና በክር የሚታሰር፣ በውስጡም ቆዳ የሚልጥ ስፌት የሌለው ይሁን። እብጠቱ በእንክብካቤ እየቀነሰ ስለሚሄድ ክሩ የሚጠብቅበት ትርፍ ቦታ ይተውለት፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ እንደ ገና ይለካ።