አለቃችሁ በዕድሜ ቢያንሳችሁስ?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! መሥሪያ ቤታችሁ አሠራሩን ወደ ኮምፒውተር ቀየረና አዲስ የክፍል ኃላፊ ተሾመች እንበል። ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ ታንሳለች። በሻይ ሰዓት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ምንድን ነው? «የማን ዘመድ ናት?» «ትናንት የመጣች ልጅ እኛን ልታዝ?» ሥራዋን ግን ገና ማንም አላየም።

ይህ ወሬ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ውስጥም ተሰምቷል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሻም ለሚዘምተው ጦር ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አዛዥ አድርገው ሾሙት። ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ነበር። አባቱ ዘይድ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰሃባ ነው። እናቱ ኡሙ አይመን ደግሞ ነብዩን በልጅነታቸው የተንከባከበችው ሐበሻዊት ናት። በጦሩ ውስጥ እነ ዑመርን (ረ.ዐ) የመሰሉ ታላላቆች ነበሩና አንዳንድ ሰዎች ሹመቱን ነቀፉ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመልሱ ነቃፊዎቹ ቀድሞ የአባቱንም ሹመት ነቅፈው እንደነበር አስታወሷቸው። አባቱ ለመሪነት ብቁ እንደነበር በአላህ ስም ምለው ተናገሩ። ልብ በሉ! ዘይድ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሙእታ ላይ ጦር እየመራ ሸሂድ ሆኗል። ያ ሁሉ ታይቶም ልጁ ሲሾም ያው ወሬ ተመለሰ። አድልዎ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ቢያይም አይጠግብም።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ በዕድሜ የገፋ አዛዥ ይሾም የሚል ሐሳብ ለአቡበክር (ረ.ዐ) ቀረበ። እሱ ግን ነብዩ የሾሙትን አልሽርም አለ። ጦሩን ሲሸኝ ኡሳማ በመጓጓዣው ላይ ተቀምጦ፣ ኸሊፋው በእግሩ ከጎኑ ሄደ። ዑመርን መዲና ማስቀረት ሲፈልግም ወጣቱን አዛዥ አስፈቀደ። ሁሉም ሰው እያየ ማለት ነው። በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ከዚህ ተማሩ፤ ብቁ ሰው ሾማችሁ ለሐሜት አትተዉት።

ሌላም ጎን አለ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት ሲጠይቅ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ደካማ እንደሆነና ሹመት አማና እንደሆነ ነገሩት። የአቡ ዘር ኢማን አጠያያቂ አልነበረም። ስለዚህ «የኛ ልጅ ነው»፣ «ሰጋጅ ነው»፣ «ብዙ ዓመት ሠርቷል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ለራስ ሰው ማድላትም አድልዎ ነው። ቁርኣን በሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ውስጥ ለተቀጣሪ ያነሳቸው መለኪያዎች ሁለት ናቸው፤ ብርታትና ታማኝነት።

እናስ ምን እናድርግ?

አዲስ አለቃ ሲመጣ ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ የጎደለው ችሎታ ነው ወይስ አማና? መልስ ካላችሁ ለራሱ በአደብ ንገሩት። ከሌላችሁ ዝም በሉ፤ የቀረው ሐሜት ነው።

አድልዎው በእናንተ ላይ ከሆነ ሥራችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፣ የማታውቁትን ተማሩ። ሰብር ማለት ግን በደልን መዋጥ ማለት አይደለም። ማስረጃ ይዞ ለሚመለከተው አካል አቤት ማለት መብታችሁ ነው።

ወጣት ሆናችሁ ከተሾማችሁ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ የሚዘገዩትን ታላላቆቻችሁን አትናቁ። እነሱ ሥራውን ያውቃሉ፣ እናንተ መሣሪያውን። ተጠያየቁ። በዕድሜ ማነስ የተናቀ ሰው ተራው ሲደርስ በዕድሜ መግፋት ከናቀ ምን ተማረ?

ዛሬ ጁሙዓ ነው። በልባችሁ ያለአግባብ የናቃችሁት የሥራ ባልደረባ ካለ፣ ሰኞ ስትገቡ ቀድማችሁ ሰላም በሉት።

አላህ ፍትሐዊ ከሆኑት ያድርገን። ኣሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!