የጣሳና የቁና ዋጋን ወደ ኩንታል እንዴት እንቀይር?

የዛሬውን ዋጋ ከመለጠፌ በፊት አንድ ነገር እናጥራ።

ከየወረዳው የምትልኩልኝ የእህል ዋጋ አብዛኛው በጣሳ ወይም በቁና ነው። እኛ እዚህ መርካቶ፣ እህል በረንዳ የምንደራደረው በኩንታል ነው። ብዙ ሰው ጣሳውን እንደ 1 ኪሎ ቆጥሮ በ100 ያባዛና «እዚያ ርካሽ ነው» ብሎ መኪና ይልካል። ኪሳራው እዚያ ላይ ይጀምራል።

ጣሳ የሚለካው የእህሉን መጠን እንጂ ክብደቱን አይደለም። አሜሪካኖች ቡሼል የሚሉት ድሮ እንደኛ ቁና መስፈሪያ ነበር፤ 35 ሊትር ገደማ ይይዛል። ዛሬ በክብደት ተወስኗል፦ ለስንዴ 27.2 ኪሎ፣ ለበቆሎ 25.4፣ ለገብስ 21.8፣ ለአጃ 14.5። መስፈሪያው አንድ፣ ኪሎው አራት ዓይነት።

ወደ እኛ እናምጣው። ጣሳችሁ ልክ 1 ሊትር ይይዛል እንበል። ደህና ስንዴ ሲሞላበት 770 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኩንታል 130 ጣሳ ነው፣ 100 አይደለም። ጣሳው 50 ብር ቢሆን (ለሂሳብ እንዲቀለን ነው፣ የዛሬ ዋጋ እንዳይመስላችሁ) ኩንታሉ 6,500 ብር ይመጣል። በ100 ያባዛው ሰው ግን 5,000 ብሎ ይዟል። በኩንታል 1,500 ብር ተሳስቷል ማለት ነው፤ ትራንስፖርትና ጉልበት ገና አልተነሳም።

ቁልሉስ? አፉ በእንጨት ተጠርጎ የተሰፈረና ተቆልሎ የተሰፈረ ጣሳ አንድ አይደለም። ቁልሉ አንድ አስረኛ ቢጨምር ኩንታሉ በ118 ጣሳ ይሞላል፣ 5,900 ብር ይወጣል። ያ 600 ብር ከገበሬው ኪስ የወጣ ነው። እያስቆለለ ገዝቶ በሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሂሳብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዩኒየኖችም ለአባሎቻችሁ ብታስረዱ ጥሩ ነው።

ጣሳችሁን ለማወቅ ባዶውን መዝኑ፣ ከዚያ አፉ ድረስ ውሃ ሞልታችሁ መዝኑ። ልዩነቱ 1 ኪሎ ከሆነ 1 ሊትር ነው። ካደረቃችሁት በኋላ እህሉን ሞልታችሁ፣ አፉን ጠርጋችሁ፣ ሦስት ጊዜ መዝኑና አማካዩን ያዙ። 100 ኪሎን ለዚያ አካፍሉት፤ የጣሳው ብዛት ይወጣል። ለእያንዳንዱ እህል ለየብቻ ነው የሚሠራው። የጤፉን ቁጥር ለገብስ እንዳትጠቀሙ። የጎረቤት ወረዳ ቁናም የእናንተ ቁና አይደለም።

ቡና ላይ አንድ እርምጃ ይጨመራል። ጀንፈል በጣሳ ስትገዙ የምትሰፍሩት ገለፈቱንም ነው። በልምድ 2 ኪሎ ጀንፈል 1 ኪሎ ገደማ ንጹህ ቡና ይወጣዋል፤ ግን ከየጭነቱ ናሙና ፈልፍላችሁ መዝኑ፣ ምክንያቱም እርጥብ ጀንፈል ሚዛኑን ይሞላል፣ ሲደርቅ ይከዳችኋል። ከዚያ ወደ ፈረሱላ ለመሄድ በ17 ኪሎ ነው፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናን የሚጠራው በዚሁ ነው። የኒውዮርክን ዋጋ ለምታዩ ላኪዎች፦ እዚያ የሚጠራው በፓውንድ ሲሆን አንድ ፈረሱላ 37.48 ፓውንድ ነው። ኒውዮርክ 300 ሳንቲም ካለ፣ በፈረሱላ 112 ዶላር ከ44 ሳንቲም ማለት ነው። ይህ መነሻ ነው፤ የእናንተ ቡና ዋጋ ደረጃውን አይቶ ከዚያ በላይ ወይም በታች ይሆናል።

ከነገ ጀምሮ ዋጋ ስትልኩልኝ ጣሳው ስንት ግራም እንደሚይዝ፣ የተጠረገ ይሁን የተቆለለ አብራችሁ ጻፉልኝ። ያለዚያ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም።