የዓሣ ኩሬ በኮምፒዩተር ውስጥ፤ ሞዴል ለባዮሎጂ ተማሪ ምን ይጠቅማል?

ሕይወት ያለው ነገር ጊዜ ይፈልጋል፤ የትምህርቱ ወራት ግን አጭር ነው። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በኩሬ ሲራባ ለማየት ብዙ ወራት ያስፈልጋል፤ በኮምፒዩተር ግን ያው ነገር በደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ ብዙዎቻችን ለጥናታችን ወደ ኮምፒዩተር ሞዴል ማዘንበላችን አያስደንቅም። ነገር ግን ሞዴል የሚነግረንንና የማይነግረንን ለይተን ካላወቅን፣ የምንጽፈው ስለ ዓሣ ሳይሆን ስለ ራሳችን ግምት ይሆናል።

ሞዴል ማለት የተፈጥሮን ሥራ በጥቂት ቁጥሮችና ደንቦች የሚወክል ሐሳብ ነው። የቤልጂጉ የሒሳብ ሊቅ ፌርሁልስት በ1838 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስሌት እንውሰድ። ኩሬው የሚችለው 1,000 ዓሣ፣ የወሩ የመራቢያ መጠን ደግሞ 0.5 ነው እንበል። የዓሣውን ቁጥር በ0.5፣ ውጤቱንም ገና ባልተያዘው የኩሬው ድርሻ ብናባዛ የወሩን ጭማሪ እናገኛለን። 100 ዓሣ ቢኖር ያልተያዘው ድርሻ 0.9 ስለ ሆነ ጭማሪው 45 ነው። 500 ቢኖር 125 ይሆናል፤ 900 ቢኖር ግን ተመልሶ 45 ነው። እንግዲህ ኩሬው ፈጥኖ የሚተካው ሲሞላ ሳይሆን ሲጋመስ ነው።

ይህንን ትምህርት ወደ ሰበታ ይዘነው እንሂድ። በዚያ ብሔራዊው የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይገኛል። ቆሮሶ በኩሬ ያለ ልክ ሲራባ ጫጩቱ ይበዛል፤ ምግብ ይሻማል፤ ዓሣውም ቀጭጮ ይቀራል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ጫጩቱን የሚበላ አምባዛ አብሮ ማርባት ነው። አምባዛው ቢያንስ አይጠቅምም፤ ቢበዛ ቆሮሶውን ይጨርሳል። ታዲያ ስንት ይሁን? ሃያ ዓይነት ምጥን በሃያ ኩሬ መሞከር ለተማሪ አይቻልም። ሞዴል ግን ሃያውን መርምሮ፣ በእውነተኛው ኩሬ ሊፈተኑ የሚገባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ይመርጥልናል።

አዳኝንና ታዳኝን አብሮ የሚያሰላ ሞዴል የኢጣሊያው ቪቶ ቮልቴራ በ1926 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ምክንያቱም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአድሪያቲክ ባሕር ማጥመድ ሲቀንስ የአዳኝ ዓሦች ድርሻ ስለ ምን እንደ ጨመረ ለማስረዳት ነበር። ልብ እንበል፤ ጥያቄው የተነሣው ባዮሎጂስቱ ኡምቤርቶ ዳንኮና ከዓሣ ገበያ ከሰበሰበው ቁጥር ነው። ገበያው ቀደመ፤ ስሌቱ ተከተለ።

የእኛም አደጋ እዚህ ላይ ነው። ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው። ቆሮሶ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገቱ ይዘገያል፤ መራባቱም ያቆማል ለማለት ይቻላል። ለምሳሌ የመረጥነው 0.5 ከቆላ ኩሬ የተገኘ ቢሆንና የሰበታው 0.2 ቢሆን፣ የመጀመሪያው 45 ወደ 18 ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ግን የተሰጠውን ያሰላል እንጂ «ይህ ቁጥር የዚህ አገር አይደለም» አይልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደ መጣ እንጻፍ። ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየለወጥን ውጤቱን የሚያናውጠውን እንለይ፤ በኩሬው ዳር አጥብቀን ልንለካው የሚገባን እርሱን ነው። ሦስተኛ፣ ሞዴሉን ባልሠራንበት ልኬት እንፈትነው። ቴርሞሜትርና መረብ ያልነካው ጥናት፣ ሥዕሉ ቢያምርም፣ ገና ጥያቄ ነው። ዓሣ መብላት በብልሃት ነው ይባላል፤ ዓሣ መቁጠርም እንዲሁ።