አጥቢያ ኮከብ ኮከብ አይደለችም

ለዛሬው ስለ ፕላኔቶች ጥቂት እንማራለን። ለዚህ ትምህርት ዓይንና ጥርት ያለ ሰማይ ይበቃል። የኤሌክትሪክ መብራት በማይበዛበት እንደኛ ባለ ሰፈር ደግሞ ሰማዩ ጎልቶ ይታያል።

ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር፣ የራሱ ብርሃን የሌለው ትልቅ አካል ነው። ፕላኔቶች ለፀሐይ ካላቸው ቅርበት አንጻር ሲቆጠሩ ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ መሬት፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን ናቸው። ብዙዎቻችን የተማርነው ዘጠኝ ብለን ነበር። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፕሉቶን ከዝርዝሩ አውጥተው «ድንክ ፕላኔት» ብለውታል። ስለዚህ ልጆች ስምንት ቢሉ አንቆጣቸው፤ ትክክል ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ቬኑስን ሁላችንም እናውቃታለን። አጥቢያ ኮከብ የምንላት እርሷ ናት። ሌሊቱን በእግር ለተጓዝን ሰዎች ንጋት መቅረቡን የነገረችን እርሷ ነበረች። ለተወሰኑ ወራት ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ትታያለች፤ ከዚያም ተሰውራ ቆይታ ለተወሰኑ ወራት ጀምበር ስትጠልቅ በምዕራብ ብቅ ትላለች። ምህዋሯ ከመሬት ይልቅ ለፀሐይ ስለሚቀርብ ከፀሐይ ብዙ ርቃ አትታይም። በዚህም ምክንያት በእኩለ ሌሊት አናገኛትም።

በመጠን የመሬት እኩያ ልትባል ትችላለች። የመሬት የወገብ ስፋት 12,756 ኪሎ ሜትር ሲሆን የቬኑስ 12,104 ነው። ሙቀቷ ግን 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሆነ እርሳስ የተባለውን ማዕድን ያቀልጣል። ሜርኩሪ ለፀሐይ ይበልጥ ቢቀርብም እንደ እርሷ አይሞቅም። ምክንያቱ አየሯ ነው፤ ከመቶ 96 እጁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የፀሐይ ሙቀት ገብቶ መውጫ ያጣል። በቀትር በፕላስቲክ በተሸፈነ ቤት የተቀመጠ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሶቪየት ኅብረት የላከችው ቬኔራ 13 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 እዚያ አርፋ የሠራችው 127 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ቬኑስ ፀሐይን በ225 ቀን ትዞራለች፤ በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር ግን 243 ቀን ይፈጅባታል። የምትሽከረከረውም ወደ ኋላ ስለሆነ እዚያ ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው።

መልመጃ፦ ከዋክብት ይርገበገባሉ፤ የፕላኔቶች ብርሃን ግን የረጋ ነው። ዛሬ ማታ ከልጆች ጋር ወጥታችሁ ለዩ። ከዚያም መልሱ፦
1. ቬኑስ በእኩለ ሌሊት የማትታየው ለምንድን ነው?
2. ከሜርኩሪ ይልቅ የምትሞቀውስ ለምንድን ነው?