የሥራ አጡ ሥልጠና በምን ይመዘን?

ባለፈው የጥናት ክበባችን አንድ ጓድ «መንግሥት ሥራ አጡን ቢያሠለጥን ችግሩ ይቃለላል» ሲል ብዙዎቻችን ተስማማን። እኔም ተስማምቼ ነበር። ጉዳዩን ካነበብኩ በኋላ ግን ጥያቄው ማሠልጠኑ ላይ ሳይሆን አመዛዘኑ ላይ መሆኑ ታየኝ። ምሳሌዬ አሜሪካ ናት፤ ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በዚያ አገር የሥልጠናው ሕግ በ1962፣ በ1973፣ በ1982፣ በ1998 እና በ2014 ወጥቷል፤ ስሙም በየጊዜው ተለዋውጧል። ትምህርት የሚሰጠን የ1982ቱ ነው። አሠልጣኝ ድርጅቶች የሚመዘኑት ከሠልጣኞቻቸው ስንቱ ሥራ እንደያዘና በስንት ደመወዝ እንደተቀጠረ ታይቶ ነበር። ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም በሞቱበት ሕሙማን ብዛት ብቻ ቢመዘን፣ የጠናበትን ከበር መመለስ ይጀምራል። አሠልጣኙም ያለ ሥልጠናው ሥራ የማያጣውን መርጦ እንዲቀበል፣ ማንበብ የሚያስቸግረውን እንዲተው ይገፋፋል።

በእኛ ሙያ መድኃኒት መሥራቱ የሚታወቀው ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በማነጻጸር ነው። ይህም ሕግ በ16 ቦታዎች፣ ወደ 20,000 በሚጠጉ አመልካቾች ላይ እንዲሁ ተፈተነ። የአዋቂዎቹ ገቢ በመጠኑ ከፍ አለ፤ ትምህርት ቤት የለቀቁት ወጣቶች ግን አልተጠቀሙም። በኋላ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ድርጅቶቹ የተመዘኑበት የቅርብ ቁጥር ሥልጠናው ውሎ አድሮ ከሚሰጠው ጥቅም ጋር እምብዛም አይገናኝም። ቴርሞሜትሩ ራሱ ተበላሽቶ ነበር ማለት ነው።

በሳን አንቶኒዮ ከተማ የተሠራው ከዚህ ይለያል። በ1990 ሌቫይ ስትራውስ የልብስ ፋብሪካውን ሲዘጋ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከሥራ ወጡ። የሰፈር ማኅበራት ተደራጅተው በ1992 ፕሮጀክት ክዌስትን አቋቋሙ። በመጀመሪያ አሠሪዎችን የሚፈልጉትን ሙያ ጠየቁ፤ ቀጥሎም ሰዎችን በተለይ ለነርስነትና ለመሳሰለው የጤና ሙያ ኮሌጅ አስገቡ። በትራንስፖርትና በልጆች መዋያ ወጪ ይረዷቸዋል፤ አማካሪም በየጊዜው ያገኛቸዋል። (እኛስ ስኮላርሺፑ ምግባችንን ባይችልልን አናቶሚ እናጠና ነበር?) ይህም በዕጣ ተፈትኖ፣ የሠልጣኞቹ ገቢ ከዓመታት በኋላም ከፍ እንዳለ ታይቷል።

ሆኖም ወጪው ከባድ ነው፤ ለመግባትም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይጠይቃል። በጣም የተጎዳው አሁንም ደጅ ቀረ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ለአሠልጣኙ የሚከፈለው በተቀበለው ሰው ችግር ክብደት ልክ መሆን አለበት። ይህን የሚቃወም ጓድ በሚቀጥለው ስብሰባ ይከራከረኝ።