የቋንቋ ካርታ አሣሣል

ካርታ ተራራውንና ወንዙን፣ ከተማውንና መንገዱን ያሳያል። የቋንቋ ካርታ ግን በዓይን የማይታየውን የሰውን አንደበት በቀለም የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ ሠሪው ካልተጠነቀቀ በቶሎ ይሳሳታል።

ስሕተቱን ከቅርብ እንመልከት። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ነው፤ ትርጓሜውም «የኢንቺስ ቤቶች» ማለት ነው። ጠላት ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ጎረቤቱ ቂርቆስም የሰማዕቱን ሕፃን ስም ይዟል፤ ስሙ ከጽርእ የመጣ ነው። ነገር ግን በቂርቆስ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው በጽርእ ይከራከራል የሚል የለም። የቦታ ስም በዚያ ማን እንዳለፈ ይናገራል እንጂ፣ ዛሬ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ አይመሰክርም።

የነገድ ስምም እንደዚሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ አማራ ነኝ ያለው ከመቶ 47 ያህል ሲሆን፣ አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው ግን ከመቶ 71 ነበረ። ኦሮሞ ነኝ ያለው ከመቶ 20 ያህል ሲሆን፣ ኦሮምኛን የአፍ መፍቻዬ ያለው 11 ያህል ነው። እንግዲህ ነገድን ጠይቆ ቋንቋን በካርታ የሚቀባ ሰው፣ በዚህች ከተማ ከአራት ሰው አንዱን ያህል ያለ ቦታው ያኖራል። በኤውሮጳም አየርላንዳዊ ነኝ ከሚለው ሰው የሚበዛው በቤቱ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። የመንግሥት ወሰንም አይረዳም፤ ስዊስ በአንድ መንግሥት አራት ቋንቋ አላት፣ የባስክ ቋንቋ ግን በፒሬኔ ተራራ ወዲህና ወዲያ በእስፓኝም በፈረንሳይም ይነገራል።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያሳስብ ጋፋትን ያየ ያውቃል። በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጀምስ ብሩስ የሚባለው እንግዳ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ነበር። በ1947 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዎልፍ ሌስላው ወደ ጎጃም ወርዶ ቢፈልግ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ አራት ሽማግሌዎች ብቻ አገኘ። ሕዝቡ አልጠፋም፤ ልጆቻቸው በአማርኛ እየተናገሩ በዚያው አሉ። የጠፋው አንደበቱ ነው፤ በጊዜው ቤት ለቤት የጠየቀና የጻፈ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መምህሩ የመንደሩን ካርታ ሲያስል የልጁን አባት ነገድ አይጠይቅ። «እናትህ ስትቆጣህ በምን ቋንቋ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሰው ሲቆጣ ቋንቋውን አይመርጥምና። ቀጥሎም ከአያቱ ጋር፣ በገበያም በምን እንደሚናገር ይጠይቅ። ሁለት ቋንቋ ያለው ቤት ሁለት ነጥብ ይደረግለት፤ አገሩን ሁሉ በአንድ ቀለም መሸፈን ጥቂቶቹን መደምሰስ ነው። ልጁ አፍሮ የቤቱን ቋንቋ ቢደብቅ በጓደኞቹ ፊት አይገደድ፤ ሽማግሌዎች በኋላ ይጠየቁ። በቅኔ ቤት ላደግን ሰዎች የሚከብደን ግዕዝ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ይነበባል፣ ይዜማል፣ ነገር ግን አፉን የሚፈታበት ሕፃን የለም። ስለዚህ በቀለም ሳይሆን በመስቀል ምልክት ብቻ ይታይ።

በካርታው ጥግ ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ ቤተ ሰብ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰፈር ስለ ሄደ፣ ከዚያ በፊት የተሣለው የሰፈሩ ካርታ ዛሬ የቀድሞውን ጊዜ ብቻ ያሳያል።